ወናፍና ብዕር፤ የጋፋትና የጎንደር ባለ እጆች ታሪክ

ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙ ሳይርቅ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ስፍራው ትንሽ ነው፤ ስሙ ግን ከታላላቆቹ ከተሞች ስም ጋራ አብሮ ይነሣል፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ ቀልጦ የተሠራው በዚያ ነውና። ስለ ጋፋት ሲነገር ወሬው ሁሉ ስለ መድፉ ግዝፈት ይሆናል። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ሌሎች እጆች ምን ይሠሩ እንደ ነበርና የሁለቱም ሥራ በአንድ አምባ ላይ እንዴት እንደ ተገናኘ የሚያወሳ ግን ጥቂት ነው።

የበጌምድር ደጋ ከጥንት ጀምሮ የብዕር አገር ነው። ከደራና ከአንበሳሜ፣ ከጣናም ዳር ከቆራጣ አንሥቶ እስከ ደብረ ታቦርና እስከ ጎንደር ድረስ፣ ትልቅ ደብር ባለበት ሁሉ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው አይታጣም ነበር። ጸሓፊው ሥራውን የሚጀምረው ከብዕር ሳይሆን ከቆዳ ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውሃ ተዘፍዝፎ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጠራል፤ ሥጋው ተልጦ ጠጉሩ ይፋቃል፤ ከዚያም በድንጋይ እየታሸ ይለሰልስና ሲደርቅ በልክ ይቈረጣል። መስመሩን በቀለም አያሰምረውም፤ በወስፌ ጫፍ ጫን እያለ ፈለግ ያወጣለታል እንጂ። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተቀምሞ፣ በሙጫ ተያይዞ፣ እስኪብላላ ድረስ ይቆያል፤ ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ይጠበቃል። ብዕሩ መቃ ወይም ሸምበቆ ነው፤ በደነዘ ቍጥር ይቀረጻል። አንዱን ዳዊት ለመጨረስ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ጥራዙ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ተሰፍቶ፣ ቆዳ ለብሶ፣ ማኅደር ይበጅለታል። ሠዓሊውም እንዲሁ በሸማ ላይ የሣለውን በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። በጎንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ዛሬም ቀና ብሎ የሚያያቸውን ሰው ቍልቍል ይመለከቱታል።

ነገር ግን በዚያው አገር ሌላም ፋቂ ነበረ። ቆዳውን ለዳዊት የሚፍቀው ሰው መሪጌታ ሲባል፣ ለመጫኛና ለጠፍር የሚያለፋው ሰው «ፋቂ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። ሁለቱም የያዙት ቢላዋ አንድ ነው፤ ክብራቸው ግን ሰማይና ምድር። ብረቱን በወናፍ አግሎ በመስፍ ላይ የሚቀጠቅጠውም «ቡዳ» ይባል ነበር። ገበሬው ያለ እርሱ ማረሻ አያርስ፣ ወታደሩም ያለ እርሱ ጦር አይዘምት፤ ወደ ማዕዳቸው ግን አያቀርቡትም። በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከርስት ተገልለው በብረት፣ በሸክላና በግንበኝነት ሲተዳደሩ የደረሰባቸው ነቀፋ ከዚህ የመጣ ነው። የሰው ልጅ የሚፈልገውን ነገር እየወሰደ ሠሪውን መናቁ እንግዳ ነገር ባይሆንም፣ በዚህ አገር ዋጋው ከባድ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ/ም ዘውድ ከደፉ በኋላ ይህን ዋጋ አስቀድመው ካዩት አንዱ ናቸው። በኢየሩሳሌም የነበረው ኤጲስ ቆጶስ ጎባት በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ሰባኪም ባለ እጅም የሆኑ ሰዎች ልኮላቸው ነበር፤ ከእነርሱም ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝሌን፣ ኋላም ዋልድማየርና ዛልሙለር ይገኛሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰዎቹን የተቀበሏቸው ከስብከታቸው ይልቅ ለእጃቸው ነው፤ ስብከቱንም ለቤተ እስራኤል ብቻ እንዲሆን ወሰኑት። በጋፋት አሰፈሯቸው። ዋልድማየር የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ አግብቶ በዚያ ተቀመጠ። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሆልም ተጨመሩ።

ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ ሰዎቹ አናውቅም አሉ፤ እውነትም አያውቁም ነበር። ንጉሡ ግን «አናውቅም» የሚለውን ቃል የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። እነርሱም ለመሞከር ተስማሙ። ምድጃ ማነጽ፣ እሳት የሚችል ጡብ መፈለግ፣ የመድፉን ቅርጽ ከሸክላ አበጅቶ ማድረቅ፣ የቀለጠውን ብረታ ብረት ሳይቋረጥ በቦዩ ማፍሰስ፣ ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ሳይሆን በስሕተት የተማሩት ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደግመው ደጋግመው ሲሠሩ ሰመረላቸው፤ ንጉሡም በገንዘብና በበቅሎ ሸለሟቸው። ሥራውን እንዲማሩ ያገር ልጆችን ወደዚያ ሰደዱ። የነጮቹ ስም አንድ በአንድ ተጽፎ ቀርቷል፤ ወናፉን የነፉት፣ ጭቃውን የረገጡት፣ ከሰሉን የተሸከሙት ግን በስም የሉም።

ንጉሡ በዚህ አልረኩም። በ1858 ዓ/ም የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም በጣና ዳር በቆራጣ ተቀምጦ ሳለ የጋፋት ሰዎች ወደዚያ ተጠርተው አብረውት ሰነበቱ። በዚያው ዓመት ፍላድ ባለ እጅና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። ባለ እጆቹም መሣሪያውም እስከ ምጽዋ መጥተው ነበር፤ «እስረኞቹ አስቀድመው ይፈቱ» በሚለው ክርክር ግን ደጋውን ሳያዩ ተመለሱ።

በ1859 ዓ/ም ታላቁ መድፍ በጋፋት ተሠራ። ስሙም በክሪሚያ ጦርነት በተከበበችው ወደብ ስም ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። በዚያው ዓመት ንጉሡ ጎንደርን አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱም ንዋየ ቅድሳት ተዘረፈ። መድፍ ሠሪውን ከስድብ አውጥተው ያከበሩት ንጉሥ የብራና ጸሓፊውን ከተማ በእሳት አጠፉ። ይህን ሁለቱን ነገር አስታርቆ የሚናገር ታሪክ ጸሓፊ እስካሁን አልተገኘም፤ ምናልባትም አይታረቅም። መጻሕፍቱ ግን ለጥፋት የተወሰዱ አልነበሩም፤ ንጉሡ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን 1,000 ያህል መጽሐፍ በዚያ አምባ ሰበሰቡ።

በ1860 ዓ/ም በመስከረም መጨረሻ ሠራዊቱ ሴባስቶፖልን በሠረገላ ጭኖ ከደብረ ታቦር ተነሣ። ለመጎተቱ 500 ሰው ያስፈልግ ነበር። መንገድ የለም፤ በየዕለቱ ዐለት እየተፈለጠ፣ ገደል እየተሞላ ይሠራል። ንጉሡ ራሳቸው ከማለዳ እስከ ማታ ድንጋይ እያነሡ መሬቱን ያስተካክሉ ነበር። የዠዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጥተው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ፤ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። እንዲህ ብዕር የሠራውና ወናፍ የሠራው በአንድ አምባ ላይ ተገናኙ።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ ውጊያ ሆነ፤ የጋፋትም ሥራ የታሰበውን አልፈጸመም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር በአምባው ያገኘውን መድፍ ሰባበረ፤ መጻሕፍቱን ግን አልሰበረም፤ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ዘረፋውን ተሸክመው በሽሎን ተሻገሩ። ሚያዝያ 13ና 14 ቀን በደላንታ ሜዳ ሐራጅ ተደረገ። ከብሪታንያ ቤተ መዘክር የመጣው ሆልምስ ብዙውን ገዛ፤ 350 ያህል ብራና ወደ ለንደን ሄደ፤ ዛሬም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። መውሰድ ያልተቻለው ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተተወ።

በ1864 ዓ/ም ዐፄ ዮሐንስ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል ጠየቁ። አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ። ሥዕሉ አልተገኘም ተባለ፤ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበርና። ባለ እጁን ስለ ሥራው መስደብ በአዋጅ የተከለከለው ደግሞ ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በዐፄ ምኒልክ ጊዜ በ1900 ዓ/ም ነው።

እንግሊዞች ከሰባበሩት መድፍ ሴባስቶፖል ተርፏል። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምሳሌው ነው፤ መድፉ ራሱ ግን ከመቅደላ አልወረደም።