እርሾ የሌለው ዳቦ፦ ከባሮ ዳር እስከ ትየርኪዲ

ታሪክ ጸሓፊዎቻችን ስለ ዘመቻና ስለ ውል ብዙ ጽፈዋል። ዘማቹ ምን ስንቅ ቋጥሮ እንደ ወጣ፣ ውሉ በተፈረመበት ምድር የምትኖር ሴት በዚያች ምሽት ምን እንደ ጣደች ግን በገጾቻቸው ላይ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም የአገር ዕጣ ከቤተ መንግሥት ተነሥቶ መጨረሻ የሚያርፈው ምድጃ ላይ ነው። ይህን ለማየት ከጋምቤላ የተሻለ ስፍራ አላውቅም።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት የድንበር ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ፣ በወንዙ በኩል ከ2000 ሜትር፣ በጠቅላላው ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። ጣቢያው በኋላ የተተከለው ግን ከኢታንግ ከፍ ብሎ፣ ዛሬ የጋምቤላ ከተማ ባለችበት ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ስፍራው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ የብዙ ደገኛ ቤት የወጥ ጨው የዚህን ወንዝ መሙላት ይጠብቅ ነበር።

ከዚያው ከምዕራብ በኩል ኋላ የመጣው ሰው ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ያፈናቀላቸው በኢታንግ ሰፈሩ፤ ኢታንግም በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ሆነ፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ተበተነ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በጁባ ተኩስ ሲነሣ ደግሞ ሌላ ሕዝብ ድንበር ተሻገረ። አብዛኞቹ ኑዌሮች፣ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ትየርኪዲ በዚያው ዓመት የተከፈተው ለእነርሱ ነው።

የትየርኪዲ ምድጃ የሚያውቀው ራሽንን ነው፤ ስንዴ ወይም ማሽላ ወይም በቆሎ፣ ጥቂት ጥራጥሬ፣ ዘይት፣ ጨው፣ አንዳንዴም እኛ ፋፋ የምንለው ዓይነት የበቆሎና የአኩሪ አተር ዱቄት። እህሉ ሳይፈጭ ሲታደል ለወፍጮ ቤት የሚከፈለው የሚገኘው ከዚያው እህል ላይ ጥቂቱን በመሸጥ ነው። በገበያው ላይ የሚታየው የራሽን እህል እንግዲህ ከአፍ የተቀነሰ እንጂ የተረፈ አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የምግብ ዕርዳታው ለሌላ ዓላማ ይውላል በሚል ምክንያት በመላ አገሪቱ ላሉ ስደተኞች ለወራት ተቋርጦ የቀጠለው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። አጓድሎ የወሰደው ሌላ፣ ጦሙን ያደረው ሌላ።

በዚህ ራሽን ውስጥ ወተት የለም። ኑዌርን ለሚያውቅ ይህ ከባድ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በመካከላቸው ኖሮ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕይወታቸው በከብት ዙሪያ እንዴት እንደሚሽከረከር በሰፊው ጽፏል። ወጣቱ በበሬው ስም ይጠራል፤ ወተቱ ትኩሱን ይጠጣል፣ ረግቶ ይበላል፣ ከማሽላ ጋር ይቀላቀላል፣ አይብም ይሆናል። ግንባሩን ተተልትሎ ለወንድነት የበቃ ጎልማሳ ላም አያልብም፤ ማለብ የሴቶችና የልጆች ሥራ ነው። ድንበሩን በብዛት የተሻገሩትም እነዚሁ ናቸው። ወተት የሚያውቁት እጆች ትየርኪዲ ደረሱ፤ ላሞቹ ግን በአብዛኛው ከወዲያ ቀሩ።

እርሾም እንዲሁ ነው። እርሾ የትናንት ቡሖ ለነገ ያስቀመጠው ቅርስ ነውና ቤትና ጊዜ ይሻል። በኦሪት ዘጸአት እስራኤላውያን ከግብፅ በጥድፊያ ሲወጡ ያልቦካ ሊጥ ተሸክመው ወጡ፤ የእኛም ዘማችና መንገደኛ ቂጣ ጋግሮ ይሄድ ነበር። ባሕር ማዶ ደግሞ በ1843 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም የሚኖር አልፍሬድ በርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ፣ እርሾ ለማይስማማት ሚስቱ ሲል ቤኪንግ ፓውደርን ሠራ። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ሶዳ ከኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይለቃል፣ ጋዙም ሊጡን ያነሣዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጠበቀው በደቂቃዎች ያልቃል። ከመጀመሪያው የቸኮለና የቸገረው ሰው ዳቦ ነው።

እኔም ይህን ዳቦ በጋምቤላ እጅ ባለው ነገር ጋግሬዋለሁ። ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ሶዳ፣ ጨውና ዘይት፤ ወተትና እንቁላል በሌለበት አንድ የበሰለ ማንጎ ተፈጭቶ ገባ፣ ከላዩም አንድ እፍኝ አይብ ተፈረፈረ። አይባችን ከአሬራ የሚወጣ ነውና ኮምጠጥ ይላል፤ ሶዳው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ምጣድና ኮባ ስላልነበሩ ድስቱ ውስጥ የሙዝ ቅጠል ተነጠፈ፣ እሳቱ እንደ ድፎ ከታችም ከክዳኑም ላይ ሆነ። ከሦስት ሩብ ሰዓት በኋላ የወጣው ዳቦ ጠርዙ ቡናማ፣ ልቡ ቢጫ ነበር፤ በየቦታው የአይቡ ነጭ ይታይበት ነበር። ማንጎው ጣፈጠ፣ አይቡ ጣፋጩን ገራው።

ስበላው ግን ያሰብሁት ስለ ልዩነቱ ነው። ለእኔ የምግብ ፍላጎት ያመጣው ጨዋታ የነበረው፣ ለትየርኪዲ እናት የየዕለቱ ጥበብ ነው፤ ያለውን ከሌለው ጋር አስማምቶ ልጅን ማሳደር። በዚህ ዳቦ ውስጥ ዱቄት በመርከብና በካሚዮን ይመጣል፣ ማንጎ ከአገሬው ሰው ጓሮ ይገዛል። አይቡ ብቻ ለኑዌሯ ሴት ከገበያ የሚገዛ ነገር መሆኑ ያስከፋል፤ እርሷ የምታውቀው አይብ በገዛ እጇ ካለበችው፣ በመልኳና በስሟ ከምታውቃት ላም የሚገኘውን ነው። የባሮን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከውሉና ከመርከቡ ቀጥሎ ይህችን ላም ይመዝግብልን።