የካሜራ ዓይን ከትናንት እስከ ዛሬ

ከዓባይ በረሓ ወጥቶ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ በመንገዱ ላይ ሉማሜን ያገኛታል። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ፣ እርሻው ጤፍና ስንዴ፣ ሰዉም ነጭ ጋቢ የሚያዘወትር ነው። ጋቢውን ያነሣነው ለጌጥ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው ከጽሑፋችን ጉዳይ አንዱ ነውና አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

በ2006 ዓ.ም. የጠላትን ወረራ ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ሳያልቁ ቃላቸውም መልካቸውም ይመዝገብ ተብሎ፣ እኛና ሁለት ባልደረቦቻችን ካሜራ ይዘን ከሉማሜ ወጣ ወዳለ መንደር ሄድን። የተመራንባቸው ሽማግሌ ሰማንያ አምስት ዓመት የተሻገሩ፣ በልጅነታቸው ለአርበኞች ስንቅ ያመላለሱ ሰው ነበሩ። ከደጃፋቸው በበርጩማ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከፈረስ ጅራት የተሠራ ጭራቸውን በጉልበታቸው ላይ ወደ ፊት አቁመው ጠበቁን። ካሜራችን በራሱ የሚያጠራ ስለ ነበር ብዙ አልተጨነቅንም። ቁልፉን ስንነካው ጢጥ ይላል፤ እኛም ጠራ ማለት ነው ብለን እናነሣለን። እንዲህ እያደረግን አሥራ ሁለት ጊዜ አነሣናቸው።

ሥዕሉ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲመጣ የጭራው ፀጕር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከጭራው በስተኋላ ያለው የሽማግሌው ፊት ግን ጉም ውስጥ እንዳለ ሰው ደብዝዟል። አሥራ ሁለቱም እንዲሁ ነበሩ። ተመልሰን እናነሣቸዋለን ስንል ክረምት ገባ፤ በመስከረም ስንመለስ ሽማግሌው ዐርፈዋል። ሴት ልጃቸው ሥዕሉን ተቀብለው ጥቂት ካዩት በኋላ፣ «ጭራውማ የአባቴ ነው፤ ፊቱንስ የት አደረሳችሁት ልጆቼ?» አሉን።

የምንመልሰው አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ግን ይህ የማጥራት ነገር ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንዳለፈ ስንጠይቅና ስናነብ ቆይተን፣ ያገኘነውን ለአንባብያን ለማካፈል ተነሣን። የፈረንጅ አገሩን ዘመን «እ.ኤ.አ.» እያልን በእነርሱ አቆጣጠር እንጽፈዋለን።

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ከአንድ ነገር ላይ የሚነሣ ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ሌንስ የምንለው የካሜራው ዓይን ያን የተበተነውን ሰብስቦ መልሶ በአንድ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። ነገር ግን ሌንስ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚሰበስበው በአንድ ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ የቀረበውም የራቀውም ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ክብ ይሆናል፤ ክብ በክብ ላይ ሲደራረብ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ፎቶ አንሺዎች «ፎከስ» የሚሉት ይህንኑ ርቀት መምረጥን ነው። እንግዲህ የፎከስ ታሪክ ርቀቱን ማን ይምረጥ የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያው ዘመን መራጩ ሰው ብቻ ነበር። የዳጌር ጥበብ በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1839 ለሕዝብ ከተገለጠ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በ1840 ዮሴፍ ፔትስቫል የሚባል የሒሳብ ሊቅ በቪየና አንድ ሌንስ ቀመረ። ቀድሞ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ይገደድ የነበረው ሰው በዚህ ብርሃን በሚያስገባ ሌንስ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሣ ጀመር። ሌንሱ መካከሉን እጅግ አጥርቶ ዳር ዳሩን ያደበዝዝ ነበር፤ የሰው ፊት ከመካከል ስለሚውል ግን ለመልክ ማንሻ የተመረጠ ሆነ። አንሺው ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ ከካሜራው ጀርባ ባለው ደብዛዛ መስተዋት ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ሥዕል እየተመለከተ ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ዓይኑ በቃኝ ሲል ያቆማል።

ወደ አገራችን ካሜራ ቀድሞ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1859 የገባው ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን እንደ ሆነ ይነገራል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋራ የመጣው የእንግሊዝ መሐንዲሶች ክፍል፣ በሳጅን ጆን ሃሮልድ መሪነት፣ ብርጭቆውን ሳይደርቅ ማንሣትና ማጠብ በሚያስፈልግበት አስቸጋሪ ዘዴ የመቅደላን አምባና የሰፈሩን ሰዎች አነሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ አንድም የታወቀ ፎቶግራፍ አልተረፈላቸውም፤ ካረፉ በኋላ ሪቻርድ ሆልምስ ፊታቸውን በእጁ ሣለው እንጂ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ከተወሰደ በኋላ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ሴት አነሣችው።

ስለዚህች ሴት ጥቂት ማለት ይገባናል። በዘመንዋ የነበሩ የጥበቡ ሰዎች ሥዕልዋ አይጠራም ብለው ይነቅፏት ነበር። እርስዋ ግን ሌንስዋን ስታስተካክል ፊቱ ለዓይንዋ ያማረበት ቦታ ላይ ስትደርስ ታቆማለች፤ እስከ መጨረሻው ጥራት አትገፋውም። የዓለማየሁ ፊት በእርስዋ ሥዕል ለስለስ ያለ ነው፤ ኀዘኑ ግን አልጠፋም። የእርስዋም ሥዕል ለስላሳ፣ የእኛም የሉማሜ ሥዕል ደብዛዛ ነው፤ ሆኖም ሁለቱን የሚያስተያያቸው የለም። እርስዋ መርጣ ነው ያደረገችው፤ እኛ ግን የመረጥነው ነገር አልነበረም።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሥራውን ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገለገሉ። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በእነዚህ ሰዎች ፊት እንዴት ረግተው እንደ ተቀመጡ ሥዕሎቹ ይመሰክራሉ።

ካሜራ ከእንጨት እግሩ ወርዶ በሰው አንገት ላይ የተንጠለጠለው ኦስካር ባርናክ የሠራት ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ከወጣች ወዲህ ነው። በ1932 ደግሞ ላይካ ርቀት መለኪያ ከሌንሱ ጋራ ተያይዞላት ወጣች። ይህ መለኪያ አንዱን ሰው በሁለት ቀዳዳ አሳይቶ ሁለት ምስል ያደርገዋል፤ አንሺው ቀለበቱን ሲያዞር ሁለቱ ምስሎች እየተቃረቡ መጥተው አንድ ሲሆኑ ርቀቱ ተገኘ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ብልሃት አይርሳ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ ልብስ ተመልሶ ይመጣልና። እ.ኤ.አ. በ1935 ጦርነት ሲያንዣብብ ወደ ኢትዮጵያ ከጎረፉት ጋዜጠኞች መካከል በላይካው የታወቀው አልፍሬድ አይዘንስታት ነበረበት። እርሱ ካነሣቸው ሁሉ ብዙ የተወራለት የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ሥዕል ነው። ፊት ሳይሆን እግር እንዲጠራ መረጠ፤ ያ ምርጫ ሠራዊቱ በምን ሁኔታ ወደ ጦርነት እንደ ዘመተ ለዓለም ተናገረ።

ከጎጃም ምድር ደግሞ ከነጻነት ዓመት የተረፈልን አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በደምበጫ ምሽግ ከብርጋዴር ሳንድፎርድና ከኮሎኔል ዊንጌት መካከል ቆመው ይታያሉ። ሥዕሉ በሎንዶን በኢምፔሪያል የጦርነት ሙዚየም የሚገኝ ሲሆን፣ ከሥሩ የተጻፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ደምበጫን አልፈው ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነበር። እንግዲህ ወይ ወደ ኋላ ተመልሰው ሄደዋል፣ ወይም ቀኑ ሥዕሉ የተመዘገበበት እንጂ የተነሣበት አይደለም፤ እኛ ሁለተኛውን እንገምታለን። ፊቶቹ ጠርተው ቀኑ ሳይጠራ መቅረቱ ለታሪክ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ነው። የእኛ ሥዕል የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ቀኑ እስከ ሰዓቱ ተመዝግቧል፣ ፊቱ የለም።

በልጅነታችን በአንድ ፎቶ ቤት ያየናት ካሜራ ከሶቪየት ኅብረት የመጣች ዜኒት ነበረች። ሌንስዋ ሄሊዮስ ይባላል፤ 58 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደትዋ እንደ ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን ባለቤትዋ ቀለበቱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቀና በል! እንዳትስቅ!» እያለ የሚያጠራው ሁልጊዜ የሰውየውን ዓይን ነበር።

በራሱ የሚያጠራው፣ በዛሬ አጠራር አውቶፎከስ የተባለው ካሜራ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ይኸውም የጃፓን ኮኒካ ሲሆን ውስጡ ያለው መሣሪያ የአሜሪካው የሃኒዌል ሥራ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ፖላሮይድ እንደ ሌሊት ወፍ ድምፅ ሰድዶ ነጸብራቁን በመስማት ርቀት የሚለካ ካሜራ አወጣ። በ1985 ሚኖልታ 7000 የተባለው ሲወጣ ግን ነገሩ ከልጆች መጫወቻነት ወደ ባለሙያ እጅ ተሻገረ። የዚህ ዓይነቱ ካሜራ በሌንሱ ግራና ቀኝ የሚገባውን ብርሃን ለይቶ ሁለት ምስል ያደርግና ሁለቱ እስኪገጣጠሙ ሌንሱን በሞተር ያዞረዋል። ያ የ1932ቱ የላይካ ብልሃት ነው፤ የሰው ዓይን ብቻ ከመካከሉ ወጣ። ሌላው ዘዴ ደግሞ ጥቁርና ነጩ ይበልጥ የሚለያይበትን ቦታ እየፈለገ የሚሄድ ነው።

ሁለቱም ዘዴዎች የሚመሩት በመስመርና በጠርዝ ነው። ነጭ ጋቢ ለእነርሱ ባዶ ሜዳ ነው፤ የሚይዙት ጠርዝ ሲያጡ ሌንሱ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። ጥበቡ ያለበት ቦታ ላይ ወይም ከጋቢው በላይ በሽፋሽፍቱ ላይ ቢያነጣጥሩት ግን ወዲያው ይጠራል። ጎጆ ውስጥ በምድጃ ብርሃን ችግሩ ይብሳል። ከካሜራው ጋራ የሚሸጠው የሚያቀርብና የሚያርቅ ሌንስ ሲያቀርብ ቀዳዳው እስከ 5.6 ድረስ ብቻ ይከፈታል፤ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኘው ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ እስከ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋልና ሁለተኛው አሥር እጅ ያህል ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ከሉማሜ ጎጆ ውስጥ ሽማግሌ ለማንሣት ለሚሄድ ሰው፣ ገንዘቡ ለአንድ ሌንስ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ይህን 50 ሚሊ ሜትር ይያዝ እንላለን። በጥምቀት ታቦቱን ሳይጋፋ ከሩቅ ለሚያነሣ ረጅሙ ሌንስ ይሻለዋል። በረጅሙ ሌንስ ከደጀን አፋፍ የዓባይን ማዶ በቀትር ለማንሣት የሚደክመውን ግን አንመክረውም፤ በቆላው ሙቀት የሚርገበገበውን አየር የትኛውም ሌንስ አያጠራውም።

እንግዲህ ወደ ጭራው እንመለስ። በእጃችን የነበረው ሌንስ ይኸው የምናመሰግነው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ነበር። ቀዳዳው እስከ 1.8 ተከፍቶ ሰው ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ሲነሣ፣ በእኛ ዓይነት ካሜራ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሰው አፍንጫ እስከ ጆሮው ያለው ከዚህ ይበልጣል። ቀዳዳውን እስከ 8 ብናጠበው ጥልቀቱ ከሩብ ሜትር ጥቂት ያልፍ ነበር። ጭራው ግን ከሽማግሌው ፊት ሁለት ስንዝር ቀድሞ ቆሟል፤ ስለዚህ ወይ ጭራው ወይ ፊቱ መመረጥ ነበረበት። ካሜራው የመምረጫ ነጥቦቹ ሁሉ ክፍት ስለ ነበሩ ከሁሉ የቀረበውንና ጠርዝ የበዛበትን ያዘ። ጥቁር የፈረስ ጅራት በነጭ ጋቢ ላይ! ከዚህ የበለጠ ጠርዝ ከየት ይገኛል? ጢጥ ያለው ስለዚህ ነበር። መሣሪያው የተነገረውን በትክክል ፈጸመ፤ ከመካከሉ አንዱን ነጥብ መርጠን በዓይናቸው ላይ ማሳረፍ የእኛ ፈንታ ነበር፤ ይህም አንድ ቁልፍ ከመጫን አይበልጥም። ጥፋቱን ለብዙ ጊዜ በሌንሱ ላይ ስንጥል መኖራችንን ሳንደብቅ እንናገራለን።

ዛሬ የሰውን ዓይን ፈልጎ የሚይዝ ካሜራ ወጥቷል፤ ፊትን ለይቶ የሚያጠራ ስልክም በየተማሪው እጅ አለ። በ2006 እንዲህ ያለ ካሜራ ይዘን ቢሆን ኖሮ የሽማግሌው ፊት በተረፈ ነበር። ዳሩ ግን ስልኩ ጀርባውን አደበዝዛለሁ ሲል የጭራውን ፀጕር እንደ መቀስ ሲቆርጠው አይተናል። እግሩን እንጂ ፊቱን አልፈልግም የሚል አንድ አይዘንስታት ቢመጣም ፊት ፊቱን እያለ ያስቸግረዋል።

ባለፈው ዓመት ወደዚያ መንደር ተመልሰን ነበር። የሽማግሌው ልጅ ከሣጥናቸው ውስጥ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ አውጥተው ሰጡን። አባታቸው በጎልማሳነታቸው ለመታወቂያ ወረቀት ብለው ደብረ ማርቆስ ወርደው የተነሡት ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጥጉም ተቀዷል፤ ሁለቱ ዓይኖች ግን የሚያዩ ይመስላሉ። ከደጃፉ በርጩማ ላይ ዘርግተን፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ወደ 8 አጥብበን፣ የካሜራውን ሞተር ዘግተን ቀለበቱን በእጃችን እያዞርን መልሰን አነሣነው። በትልቁ ታትሞ ዛሬ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ከጭራው አጠገብ ተሰቅሏል።