የማኅፀን ጠባሳና የእናት ምርጫ

አንድ ጊዜ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ዘወትር በዚያው መንገድ ትውለድ የሚለው ፈሊጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 የኒው ዮርኩ ዶክተር ኤድዊን ክሬጊን ካሳተሙት ጽሑፍ የመነጨ ነው። በዚያ ዘመን ማኅፀን የሚቀደደው ከላይኛው ክፍሉ ቁልቁል ስለነበረ፣ በሚቀጥለው ምጥ የመተርተር አደጋው ከፍ ያለ ነበር። ከ1920ዎቹ ወዲህ ግን በስኮትላንዳዊው ማንሮ ከር ጥረት የታችኛውን ክፍል አግድም መቅደድ ተስፋፋ። እንዲህ ያለ አንድ ጠባሳ ኖሯቸው ምጥን ከሚሞክሩ 1,000 እናቶች ማኅፀናቸው የሚተረተረው ከ5 እስከ 9 የሚሆኑት ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በቀዶ ጥገና የተወለዱ ሕፃናት በአገር አቀፍ ደረጃ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። የገርጂ እናት የመጀመሪያ ልጇን በአንድ ሆስፒታል ወልዳ ለሁለተኛው ወደ ሌላ ብትሄድ፣ የሆዷ ጠባሳ የማኅፀኗን አይናገርም። እንግዲህ ባልደረቦች ሆይ፣ ማኅፀኗ እንዴት እንደተቀደደ ጽፈን በእጇ እናስይዛት፤ አለዚያ ምርጫዋ የስም ብቻ ይሆናል።