የአዋሽ ባቡር ጣቢያ

የአዋሽ ባቡር ጣቢያ የተሠራው አዋሽ ወንዝ ምድሩን ሰንጥቆ በጥልቅ ገደል ከሚያልፍበት አፋፍ አጠገብ፣ ሙቀቱ በበረታ ሜዳ ላይ ነው። ቦታው ከሐዲዱ በፊት ከተማ አልነበረውም። አፋሮችና ከረዩዎች ከብትና ግመል የሚያግዱበት ምድር ነበር። ከጣቢያው ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መሥመር ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ደግሞ መጀመሪያ ገደሉን መሻገር ግድ ነው። ማረፊያ የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ግንባታ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ፣ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱን ትቶ ታች ሜዳውን በመያዙ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያም ለዓመታት ተገትሮ ቀረ። ግንባታውን የያዘው ኩባንያ ከስሮ ነበር፤ ፈረንሳይና እንግሊዝም በባቡሩ ባለቤትነት ይሻኮቱ ነበር። በ1900 ለአዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ሥራው ቀጥሎ፣ በአዋሽ ገደል ላይ የብረት ድልድይ ተዘረጋ። በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ።

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይደርሳል። አዋሽን አዋሽ ያደረጋት ይህች አንዲት አዳር ናት። ባቡር አመሻሹ ላይ ሲገባ የሚበላ፣ የሚጠጣና መኝታ የሚፈልግ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ይህን ሕዝብ የሚያስተናግድ ሰውም በጣቢያው ዙሪያ ሰፈረ። ከጣቢያው ጎን የተሠራው ቡፌ ደ አዋሽ የሐረግ ጥላ የለበሰ በረንዳ ያለው ባለ መኝታ ምግብ ቤት ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩት ግሪኮች ናቸው። ባለ ገንዘቡ በቡፌው ክፍሎች ሲያድር፣ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ጓዙን ተንተርሶ ያገኘው ቦታ ላይ ጋደም ይላል። የጣቢያው ጽሕፈት በፈረንሳይኛና በአማርኛ ነበር፤ የምድር ባቡር ሠራተኛም ቢያንስ የሥራውን ያህል ፈረንሳይኛ ማወቅ ነበረበት።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣችው ሊቶሪና፣ በሞተር የምትሄድ ፈጣን ባቡር፣ ጉዞውን ስላሳጠረችው የአዳሩ ነገር እየቀረ ሄደ። በ1933 መጋቢት ጣሊያኖች ሲያፈገፍጉ የአዋሽን ድልድዮች አፈረሱ፤ ያ ግን የእንግሊዝን ጦር ከጥቂት ቀናት በላይ አላዘገየውም። ከጦርነቱ በኋላ ድልድዩ ተጠገነ። በ1940ዎቹም የእንፋሎቱ ባቡር ቦታውን ለናፍጣ ለቀቀ።

ውድቀቱ የመጣው በአንድ ጀንበር አይደለም። ወደ አሰብ ወደብ የሚወስደው የመኪና መንገድ አስቀድሞ ከባቡሩ ብዙ ጭነት ወስዶበት ነበር። በ1969 እና 1970 በነበረው የሶማሊያ ጦርነት መሥመሩ ተቆርጦ ለወራት ተቋረጠ። ጥር 6 ቀን 1977 ደግሞ አዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች ባቡር መታጠፊያ ላይ ወዳለ ድልድይ በፍጥነት ሲገባ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገብተው ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ የከፋው ተብሎ ይጠራል።

ሐዲዱም እያረጀ ሄደ፤ መለዋወጫም ጠፋ። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት የአሰብን ወደብ ዘግቶ የአገሪቱን ጭነት በሙሉ ወደ ጅቡቲ ባዞረበት ጊዜ እንኳ ባቡሩ የሚገባውን ድርሻ ሊያነሣ አልቻለም፤ ጭነቱን የወሰዱት ከባድ መኪኖች ናቸው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው አገልግሎት ቆመ፤ የአዋሽም ጣቢያ አብሮ ተዘጋ።

የሚገርመው ከተማዋ አብራ አለመሞቷ ነው። ሌሎች ትናንሽ ጣቢያዎች ባቡሩ ሲቀር ገበያቸው ተበተነ። አዋሽ ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ወደ ሚሌና ጅቡቲ፣ እንዲሁም ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚለያይበት አካባቢ ስለምትገኝ የካሚዮን ሾፌሮች ማረፊያ ሆነች። ባቡሩ የፈጠረውን የአዳር ንግድ መኪናው ወረሰው፤ ቡፌውም ያለ ባቡር እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ።

መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር አሮጌውን ሐዲድ አልተጠቀመም። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመብራት ኃይል የሚሄደው ባቡርም የራሱን መሥመርና የራሱን የአዋሽ ጣቢያ ይዟል። ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የሰሜን መሥመር የሚነሣውም ከአዋሽ ነው።