ግድግዳውን ያሰረው እንጨት

ከመርሳና ከሐብሩ ቆላ ተነስቶ ወልድያን አልፎ በድልብ ዳገት ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ ላስታ ያደርሳል። በዚህ መንገድ ላሊበላን ሊሳለም የሚሄድ ሰው ልቡ በድንጋዩ ላይ ነው። ያ ድንጋይ ግን በብዙ ቦታ የተጠረበው እንጨትን እንዲመስል ነው።

ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነውን ቤተ አማኑኤልን ከውጭ የተመለከተ ይህን በቀላሉ ያያል። ግድግዳው በአግድም አንዱ መደብ ወጣ፣ ሌላው ገባ እያለ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከአንድ ወጥ አለት ለተፈለፈለ ቤት ይህ ምንም ጥቅም የለውም፤ አይሸከም፣ አያስር። ጠራቢዎቹ ከእነሱ በፊት የነበሩ ግንበኞችና አናጢዎች የሠሩትን ቤት በአለት ላይ እየደገሙ ነበር።

የዚያ ቤት አሠራር ይህን ይመስላል። ግንበኛው ድንጋዩን በጭቃ እያያዘ የተወሰነ ከፍታ ይደረድርና ለአናጢው ይለቅለታል። አናጢው በግድግዳው ውስጥና ውጭ ገጽ ረጃጅም ወራጆች ያስተኛል፤ ሁለቱን የሚያያይዙ አጫጭር ተሻጋሪ እንጨቶችም ጥርስ እየቆረጠ ይጭንባቸዋል። ከዚያ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት። የተሻጋሪዎቹ ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ሲቀር ብዙ ጊዜ ክብ ተደርጎ ይጠረባል፤ ይህ ነው «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው። ጌጡ ከማሰሪያው የተለየ ነገር አልነበረም። አናጢው መሸሸግ ያልቻለውን ጫፍ አሳመረው።

የአክሱም ሐውልቶችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. የተተከለው ሐውልት በር፣ መስኮት፣ በየፎቁም የተደረደሩ ክብ የእንጨት ጫፎች ተቀርጸውበታል።

የእንጨቱ ሥራ ራሱ በሰሜን ወሎ ዛሬም ቆሟል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ፣ ሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው የዛግዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን አለ። ግድግዳው በጠቆረ እንጨትና በነጭ በተለሰነ ድንጋይ ተፈራርቆ የተሠራ ነው። የውስጡ ጣሪያ በጂኦሜትሪ ቅርጽ ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል በተቀረጸና በተሳለ እንጨት ተሸፍኗል። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ የቆየውም ዋሻው ስለጋረደው ነው፤ ዝናብ አይመታውም፣ ፀሐይም አያሰነጥቀውም።

ሌላው ትልቅ ምስክር በትግራይ ያለው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። በመግቢያው ጣሪያ ላይ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመልና ሌሎችም እንስሳት በእንጨት ገበታ ተቀርጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1906 የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን ሕንፃውን መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ጥገናውን መርቷል።

ይህን ሥራ የሚሸከመው ወፍራምና ቀጥ ያለ ግንድ ነው። በመጥረቢያ አራት ገጽ እስኪወጣለት ተጠርቦ፣ በመሮና በመዶሻ ጌጡ ሲቆፈርበት የማይፈረካከስ ጥድ ወይም ወይራ ያስፈልጋል። በወልድያም ሆነ በመርሳ ዛሬ ለቤት የሚቆመው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገር የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ለቆርቆሮ ጣሪያም ይበቃል። ቀጭኑ አጠና ግን ጌጥ የሚቆፈርበት ገጽ የለውም። ወፍራሙ ግንድ ሲጠፋ ወራጅ ላይ የሚቀርጽ አናጢ የሚሠራበት ነገር ያጣል።

በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ ግን ጥዱ አሁንም ደን ሆኖ ቆሟል። ከግድግዳው ወራጆች አንዱ ቢበሰብስ ተተኪው መምጣት ያለበት ከእንዲህ ዓይነት ዛፍ ነው፤ ጥድ ደግሞ ለወራጅ እስኪደርስ ረጅም ዘመን ይፈልጋል። ስለዚህ ደኑን መጠበቅ የቤተ ክርስቲያኑ ጥገና አንድ ክፍል ሆኖ ሊያዝ፣ መሮ ይዞ የሚማር ወጣትም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።