አዝማሪ ከአዝማሪ ጋር ሲነጋገር፤ ስለ ምሥጢር ቃላት አመጣጥ

የምሥጢር ንግግር በተነሣ ቍጥር ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ሌባንና ሸፍጠኛን ነው። ነገሩ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ለምን ይሸሸግ ነበር የሚለው ጥያቄ በሸንጎም በገበያም ሲሰማ የኖረ ነው። በአገራችን ተመዝግበው የሚገኙትን የምሥጢር አነጋገሮች ለተመለከተ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይታየዋል። አብዛኞቹ የተፈጠሩት ከሰው ርቀው በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ሳይሆን፣ እንጀራቸው በሌላ ሰው ቤትና በሌላ ሰው ጆሮ ሥር በሆነባቸው ሰዎች ዘንድ ነው። ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የአዝማሪ ኑሮ ነው።

በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ከፍ ብሎ በተቀመጠው በመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ጀምሮ እስከ መንዝና ግሼ ደጋ ድረስ፣ ማሲንቆ ያልተሰማበት ድግስ እንደ ጎደለ ይቈጠራል። አዝማሪው ከዳሱ ገብቶ ጋባዡን ያወድሳል፤ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የሚሰጠውን ግጥም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፤ ሽልማቱንም በዚያው በሰው ፊት ይቀበላል። ብዙ ጊዜም ብቻውን አይደለም፤ ሚስቱ ወይም የሙያ ባልንጀራው አብሮት አለ። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሊመካከሩበት የሚገባቸው ነገር ብዙ ነው። ጋባዡ እጁ አጥሮ እንደ ሆነ፣ የትኛው እንግዳ በጠጅ ተገፋፍቶ ጠብ እንደሚሻ፣ የማን ስም ከማን ስም ጋር መነሣት እንደሌለበት፣ መቼ ተነሥቶ መውጣት እንደሚበጅ፣ ይህ ሁሉ ምክር ይሻል። ወደ ውጭ ወጥተው ቢንሾካሾኩ ያስጠረጥራቸዋል፤ በአማርኛ ቢነጋገሩ ይሰማባቸዋል። የቀራቸው መንገድ የአማርኛውን ሰዋስው እንዳለ ትቶ በውስጡ ሌላ ሰው የማያውቀውን ቃል መትከል ነው።

የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ቮልፍ ሌስላው የደረሱበትም ይኸው ነው። እኚህ ሰው የኢትዮጵያን ነጋዴዎች የምሥጢር ቋንቋና በመንፈስ የተያዙ ሰዎችን አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1949፣ የአዝማሪዎችን ደግሞ በ1952 አሳትመዋል፤ በ1964 ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ አጠቃለው አወጡ። ከዚህ ሥራ እንደምንረዳው፣ ግሡ የሚረባው፣ ዐረፍተ ነገሩም የሚታሰረው በአማርኛ ሕግ ነው። የሚለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። አንዳንዱ ቃል የታወቀ የአማርኛ ሥር ሆኖ ድምፅ ተጨምሮበታል፤ አንዳንዱ ትርጕሙ ዞሯል፤ አንዳንዱ ከሌላ ቋንቋ ተወስዷል፤ የቀረው ምንጩ አይታወቅም። ልጆች በየቃሉ መካከል ትርፍ ድምፅ እየሰነቀሩ «የወፍ ቋንቋ» ብለው ሲጫወቱ የሰማ ሰው ነገሩን በጥቂቱ ሊገምት ይችላል፤ ነገር ግን የአዝማሪው ከጨዋታ ያለፈ ነው፤ ከሙያው ጋር አብሮ የሚወረስ የቃላት መዝገብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር ያሰጋል። ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፋቸው የአማራን ሕዝብ አነጋገር በሰምና ወርቅ ምሳሌነት ከተረጐሙ ወዲህ፣ ማናቸውንም ስውር ንግግር የሰምና ወርቅ ልጅ አድርጎ መቍጠር የተለመደ ሆኗል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም፤ እንዲያውም ተቃራኒዎች ናቸው። ቅኔ የሚዘረፈው እንዲፈታ ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያላገኘ ሰው መኖሩ ለሰሚዎቹ ደስታ ይጨምራል፤ ባለቅኔውም የሚመሰገነው ፈቺ ሲያገኝ ነው። የአዝማሪው የምሥጢር ቃል ግን ከባልንጀራው በቀር ማንም እንዲፈታው አይፈለግም። ያው አዝማሪ በዜማው ሰምና ወርቅ ሲናገር ለዳሱ ሁሉ ነው፤ ክሩን ሲያጠብቅ ለሚስቱ ዝቅ ባለ ድምፅ የጣላት ቃል ግን የእርሷ ብቻ ናት። በአንድ ሰው አፍ ሁለቱም ጥበቦች ይገኛሉ፤ አንዱን ለሌላው የተረዳ ግን ሁለቱንም ይስታቸዋል።

የነጋዴው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በገዢ ፊት ስለ ዋጋ፣ በኬላ ጠባቂ ፊት ስለ ጭነት መነጋገር ግድ የሆነበት ሰው የራሱ ቃል ቢያበጅ አያስደንቅም። ላሊበሎች፣ በሌላ ስማቸው ሐሚናዎች፣ ራሳቸውን የሚሸሽጉት በሌላ ዘዴ ነው። ጎሕ ሳይቀድ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ከደጅ ቆመው ያዜማሉ፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አስቀድመው ጠይቀው በግጥሙ ያስገቡታል፤ ምጽዋታቸውን ተቀብለው መርቀው ሲሄዱ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ዜማውን ቢተዉ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚለው እምነት ስለ ተጫነባቸው፣ ፊትን መሸፈን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሆነው ኖረዋል። አዝማሪ ፊቱን ሊሸፍን አይችልም፤ ሙያው መታየት ነውና የሚሸፍነው ቃሉን ነው።

«አዝማሪ» የሚለው ቃል ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ፣ የምስጋና ቃል ነበረ። በኋላ ግን በሰው አፍ እየረከሰ ሄዶ፣ ለስድብ እስከ መዋል ደርሷል። በቤተ መንግሥት የሚሞገስ፣ በድግስ የሚፈለግ፣ በዝምድና የሚናቅ ሰው የሚናገረው ሁሉ ለጥርጣሬ የተጋለጠ ነው። ይህ ጥርጣሬ ወደ ደም የተለወጠበት ጊዜም አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዐዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለና ብዙ ሺሕ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ ግራዚያኒ መጋቢት 10 ቀን ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም በከተማውና በአካባቢው የሚገኙ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያም ቀን 70 ሰዎች ተይዘው መገደላቸውን አስታውቋል። ምክንያቱ በሕዝብ መካከል መጪ መዓት እያወሩ መንፈስ ያነሣሣሉ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከጀማ ወዲህ ማዶ የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ሮማ ያስተማረችው ጄኔራል ከጠመንጃ ባልተናነሰ ማሲንቆን መፍራቱ የሚያስገርም ይመስላል፤ ግን የሚነገረውን መስማት የማይችል ገዢ ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የኤውሮፓ ታሪክ በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ያሳየናል፤ ይኸውም ከመግደል በፊት መዝገበ ቃላት ማሳተም ነው። በጀርመን አገር በ1510 ገደማ የለማኞችንና የተንከራታቾችን ተንኰል የሚያጋልጥ አንድ መጽሐፍ ታተመ፤ በመጨረሻው የምሥጢር ቃሎቻቸው ከፍቺያቸው ጋር ተደርድረው ነበር። ማርቲን ሉተር ራሱ በ1528 መቅድም ጽፎ እንደ ገና አሳተመው። ሕዝቡ ከለማኞች እንዲጠነቀቅ ታስቦ የተደረደረ መዝገብ ነበር። በእንግሊዝ አገር «ፖላሪ» የተባለው አነጋገር ደግሞ በመርከበኞች፣ በተውኔት ሠራተኞችና ሕግ ያሳድዳቸው በነበሩ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ዘንድ ይነገር ነበር፤ ስሙም «መናገር» ከሚለው የኢጣሊያንኛ ቃል እንደ መጣ ይታመናል። ከ1965 እስከ 1968 በቢቢሲ ሬዲዮ በቀረበ የቀልድ ዝግጅት አገር ሁሉ ሰማው፤ በ1967 ሕጉ ተሻሻለ፤ አነጋገሩም እየከሰመ ሄደ። አንዱ በጠላት እጅ ታተመ፤ ሌላው በሳቅ ተገለጠ። ለተናጋሪው ግን ውጤቱ አንድ ነው፤ ቃሉ ከእጁ ወጥቷል።

ይህ ጉዳይ ቃል ለመሰብሰብ ወደ ገጠር ለምንወርድ የሙያ ባልደረቦች ቅርብ ነው። ሌስላው መዝገባቸውን ያሳተሙት በእንግሊዝኛ፣ ለጥቂት ሊቃውንት ስለ ነበረ፣ በማንኛውም ዳስ የአንድም አዝማሪ ምክር አልተሰማበትም ብሎ መገመት ይቻላል። ዛሬ ግን ከዳሱ የሚቀዳው ድምፅ በአንድ ሌሊት ዋሽንግተን ያለው ዘመድ ዘንድ ይደርሳል።

የምሥጢር ቋንቋ ሁሉ ለዚህ እኩል የተጋለጠ አይደለም። ተሾመ ደምሴና ሊዮኔል ቤንደር እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት የዐዲስ አበባ ሴቶች አነጋገር ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እነዚህ ሴቶችም ባል ያላገቡ፣ ብዙ ጊዜ በእንግዳ ሰው ፊት እርስ በርስ መነጋገር የሚያሻቸው ነበሩ። ዘዴያቸው በአንድ ሕግ የታሠረ ነው፤ የቃሉን ተነባቢዎች ይይዙና አናባቢዎቹን በአንድ መልክ ይተካሉ። ቤት «ባይተት»፣ ክፉ «ካይፈፍ»፣ ሄደ «ሃይደድ»፣ ወርቅ «ዋይረቅ» ይሆናል። ሕጉን የያዘች ልጅ በአንድ ቀን ትናገረዋለች፤ እንግዳ ሰው ሕጉን ቢደርስበት ደግሞ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሕግ ማውጣት ይቻላል። የአዝማሪው ግን በሕግ ብቻ የሚወጣ አይደለም። ማሲንቆ ከመያዝ ጋር ከአባትና ከእናት እየተሰማ፣ ቃል በቃል የሚለቀም ነው፤ የተገለጠው ቃል በሌላ ቃል ይተካ ቢባል፣ አዲሱን ቃል ከመርሐቤቴ እስከ ጎንደር ያሉ የሙያው ሰዎች ሁሉ እስኪያውቁት ድረስ ከአንድ ትውልድ ያነሰ ጊዜ አይበቃውም።