በረንዳና መስታወት በጎጃም ጎዳና

ከኪነ ጥበባት ሁሉ ሰው ሳይመርጠው በየዕለቱ የሚያየው ሥነ ሕንፃ ነው። መጽሐፍ ሊከደን፣ ሙዚቃ ሊዘጋ ይችላል፤ በጎዳና ዳር የቆመ ቤት ግን ወደደም ጠላም ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይታያል። ስለዚህም አንድ ከተማ በምን እንደኖረና ማንን ለማስተናገድ እንደተሠራ ከቤቶቹ ፊት ለማንበብ ይቻላል። በምዕራብ ጎጃም የሚገኙት የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ከተሞች ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው።

ቡሬ በዳሞት ምድር የቆየች የገበያ ሥፍራ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች ዓባይን እየተሻገሩ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ጎጃም ገበያዎች ያመጡ ነበር፤ ሰውም ሳይቀር ይሸጥ ነበር። አሞሌ ጨው ደግሞ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። በዙሪያው ባለው ገጠር የገበሬው ቤት ክብ ጎጆ ሲሆን፣ ግድግዳው ከእንጨትና ከማገር ተሠርቶ ጭድ በተቦካበት ጭቃ ይመረጋል፤ ጣሪያውም በሣር ይከደናል። ከተሜው ይህንኑ የእንጨትና የጭቃ ጥበብ ይዞ ቅርጹን ከክብ ወደ ማዕዘን፣ ክዳኑን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ለወጠው። ከዚህም ሌላ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረበት፤ ይኸውም በረንዳ ነው።

በረንዳ ከቤትም ከመንገድም ያልሆነ ሥፍራ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ከግድግዳው አልፎ በባሕር ዛፍ ምሰሶ እየተደገፈ ወደ ጎዳናው ይዘረጋል። ከሥሩ ልብስ ሰፊው መኪናውን ያኖራል፤ በርበሬና በቆሎ ይዞ ከጃቢ ጠህናን ወይም ከወምበርማ የመጣው ገበሬ የክረምት ዝናብ ሲይዘው ይጠለልበታል። ማንም «ምን ልታዘዝ?» ብሎ አይጠይቀውም። ገበያተኛው ሳይገዛም ሳይሸጥም የከተማው እንግዳ ሆኖ የሚቆይበት ቦታ ይህ ነበር።

የጎዳናው ታሪክ ከነፃነት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ አርበኞችና የጌዴዎን ጦር በዚሁ መስመር ተከተሉት፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። «የሰላም መንገድ» የሚል ትርጉም ያለው የፍኖተ ሰላም ስምም ከዚሁ የመመለስ ጉዞ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሁለቱን ከተሞች አያያዘ፤ ቡሬም ወደ ነቀምት የሚገነጠለው መንገድ መነሻ ሆነች።

በኢትዮጵያ አውራ ጎዳናዎች ላይ በሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ በቅድሚያ የተስፋፋው የንግድ ሕንፃ የነዳጅ ማደያ ነው። ሼል፣ ሞቢል፣ አጂፕና ቶታል የየራሳቸውን ቀለምና ምልክት በየከተማው ተከሉ። የሼል ማደያዎች በኋላ ወደ ኦይል ሊቢያ፣ ከዚያም ወደ ኦላ ኢነርጂ ስም ሲዛወሩ ባለቤቱ በሩቅ አገር ተለወጠ፤ በከተማው ግን የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ማደያ ለተሽከርካሪ የተሠራ በመሆኑ ሰፊ ግቢ ይዞ ለብቻው ይቆማል እንጂ የገበያውን የቤቶች ረድፍ አይሰብርም።

የቤቶቹን ዕጣ የወሰነው የ1967 ዓ.ም. ለውጥ ነው። በዚያው ዓመት ባንኮች ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የቀበሌ ኪራይ ዝቅተኛ ስለነበረ ብዙው ድሃ መጠለያ አገኘ፤ ነገር ግን ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ስላልነበረ ቤቶቹ ሳይፈርሱም ሳይታደሱም አረጁ። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንኮች እንዲቋቋሙ ሲፈቀድ በየከተማው የቅርንጫፍ ውድድር ተጀመረ። የውድድሩም ሥፍራ የነዳጅ ማደያ ያልደፈረው የገበያው ረድፍ ሆነ።

የባንክ ቅርንጫፍ ፊቱ መስታወትና አልሙኒየም ሲሆን፣ የግንባሩ ሰሌዳ የባንኩን ቀለም ይይዛል፤ በሩን ዘበኛ ይጠብቃል። የቅርንጫፉ መልክ የሚወሰነው በአዲስ አበባ ስለሆነ በቡሬ ያለው በሐዋሳ ካለው አይለይም። መስታወቱ ፀሐይን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ዝናብ የሚከላከል ክዳን ግን ወደ ውጭ አይዘረጋም። ባለ ጉዳይ ይገባል፤ ባለ ጉዳይ ያልሆነ ግን በደረጃው ላይ ሲቀመጥ ይነሣል።

ፍርዱ ግን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ባንክ ለገበሬውና ለነጋዴው የማይናቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ የጭቃ ግድግዳም ምስጥና ዝናብ ይጎዳዋል። ባለ ቤቱ ጠቀም ያለ ኪራይ ከሚከፍለው ባንክ ይልቅ ላረጀው በረንዳ እንዲቆረቆር መጠየቅ የሌላውን ሸክም በእርሱ ላይ መጫን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ባንክ ይምጣ አይምጣ ሳይሆን ሲመጣ የከተማውን ወግ ይወቅ የሚል ነው።

ይህ የሚቻል መሆኑን ሌሎች አሳይተዋል። በኦስትሪያ በሳልዝቡርግ ከተማ ጌትራይደጋሰ በሚባለው አሮጌ ጎዳና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሳይቀሩ ምልክታቸውን እንደ ጥንቱ በብረት አሠርተው ይሰቅላሉ። የጃፓኗ ኪዮቶም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ደንብ የሕንፃ ከፍታን ገድባ በጣሪያ ላይ የሚተከሉ የንግድ ሰሌዳዎችን ከልክላለች። በአንጻሩ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ ብዙ ሰው ስለ ሠፈሩ ማውራት የጀመረው ሠፈሩ ከሄደ በኋላ ነው።

የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቤተ ክርስቲያንን፣ ቤተ መንግሥትንና ሐውልትን ለመጠበቅ ይረዳል። የልብስ ሰፊውን በረንዳ በቅርስነት የሚያስመዘግብ ግን ማንም የለም። ለእርሱ የሚበጀው የከተማው የራሱ የግንባታ ደንብ ነው፤ ይኸውም በገበያው ረድፍ የሚሠራ ማናቸውም ሕንፃ፣ ግድግዳው ከብሎኬትም ይሁን ከመስታወት፣ ክዳኑን ወደ ጎዳናው እንዲዘረጋና ከሥሩ መቀመጫ እንዲያኖር ማዘዝ ነው። ወጪው ጥቂት ነው። ጥቅሙ ግን በርበሬውን ሸጦ ገንዘቡን በዚያው ባንክ ላስቀመጠው ገበሬ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ የሚቆምበት ቦታ ማግኘቱ ነው።